የገባው የት ደረሰ? ድርጅቶች አካባቢን የሚጠብቁባቸው መሣሪያዎች

የአካባቢ አያያዝ ማለት አንድ ድርጅት በሥራው ምክንያት በአየር፣ በውሃ፣ በአፈርና በሰው ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጫና አውቆ፣ ለክቶና ቀንሶ እንዲሠራ የሚያስችል አሠራር ነው። ድርጅቱ ቆዳ ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ጥቂት ክፍሎች ያሉት ቢሮ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ውሃ ይቀዳሉ፣ ኃይል ይፈጃሉ፣ ዕቃ ይገዛሉ፣ ቆሻሻ ያወጣሉ። የሚለያዩት በመጠንና በአደገኛነት ነው።

ይህን ሥራ ብዙዎች ከችግኝ ተከላ፣ ከጽዳት ዘመቻ ወይም ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ መፈክር ጋር ያያይዙታል። ችግኝ መትከል መልካም ነው፤ ነገር ግን ግቢው በዛፍ የተሞላ ፋብሪካ በአጥሩ ጀርባ ያልታከመ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሊለቅ ይችላል። ትክክለኛው መነሻ የመጋዘኑ በር፣ የውሃ ቆጣሪውና የፍሳሽ ቦዩ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለብዙ አሥርት ዓመታት ፋብሪካዎች ብክለትን ከምርት በኋላ የሚመጣ ጣጣ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ጭሱ ጎረቤትን ካስቸገረ የጭስ ማውጫው ይረዝማል፤ ፍሳሹ ከሸተተ ቱቦው ወደ ራቀ ወንዝ ይዘረጋል። ሕግ ሲጠብቅ ደግሞ በቱቦው ጫፍ ማጣሪያ ይተከላል። ማጣሪያ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ተገዝቶ፣ ኃይል እየተሰጠው፣ ዝቃጩ እየተጠረገለት የሚኖር፣ በራሱ ግን ምንም የማያመርት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው ስሪኤም ኩባንያ «ብክለትን መከላከል ያዋጣል» የሚል ፕሮግራም ሲጀምር ጥያቄውን ከቱቦው ጫፍ ወደ ማምረቻው አዳራሽ መለሰው። ሠራተኞች የምርቱን ቀመር በመለወጥ፣ ሂደቱን በማሻሻል፣ መሣሪያውን አሻሽሎ በመሥራት ወይም ተረፈ ምርቱን መልሶ በመጠቀም ብክለት የሚቀንስበትን መንገድ እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። ሐሳቡ ተቀባይነት የሚያገኘው ብክለትን ቀንሶ ገንዘብም ሲያድን ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት አብዛኞቹ መሣሪያዎች ይህንኑ አቅጣጫ ይከተላሉ።

ከሁሉም የሚቀድመውና የሚጠቅመው መሣሪያ የቁስ ሚዛን ነው። መሠረቱ ቁስ አይጠፋም የሚለው የተፈጥሮ ሕግ ነው። በአንድ ወር ውስጥ በድርጅቱ በር የገባው ሁሉ ወይ ምርት ሆኖ ወጥቷል፣ ወይ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ ቆሻሻ፣ ፍሳሽ ወይም ጭስ ሆኗል። የገባው ከግዥ ደረሰኝ፣ የወጣው ከሽያጭ መዝገብ፣ የተቀመጠው ከመጋዘን ቆጠራ ይገኛል። ሦስቱ ሲተያዩ ልዩነት ይታያል። ዋናው ሥራ ያ ልዩነት የት እንደ ደረሰ ማጣራት ነው።

ለዚህ የሥራው ሂደት ደረጃ በደረጃ በወረቀት ይሳላል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳጥን ይሆናል፤ በግራ የሚገባው ውሃ፣ ኃይል፣ ጥሬ ዕቃና ኬሚካል፣ በቀኝ የሚወጣው ምርት፣ ሙቀት፣ ፍሳሽና ቁርጥራጭ ይጻፋል። ሥዕሉ በቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም። የሚስለው ሰው ከመጋዘን ጀምሮ እስከ ፍሳሽ መውጫው ድረስ ቁሱን ተከትሎ በእግሩ መሄድ አለበት፤ በቀን ፈረቃ ብቻ ሳይሆን በሌሊቱም። ኢንጂነሩ በመጽሐፍ የሚያውቀው አሠራርና በሌሊት ፈረቃ በተግባር የሚካሄደው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። የትኛው ማሽን ሥር ዘይት እንደሚንጠባጠብ የጽዳት ሠራተኛዋ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ውሃ ሳይዘጋ የሚያድርበትን ቀን የጥበቃ ሠራተኛው ያውቃል። እነርሱን ሳይጠይቅ የተሠራ ሥዕል ጎዶሎ ነው።

ቁጥሩ ከቆጣሪ ይመጣል። ብዙ ድርጅቶች በግቢው መግቢያ ላይ አንድ የውሃ ቆጣሪና አንድ የመብራት ቆጣሪ ብቻ አላቸው። ይህ ጠቅላላውን ይናገራል እንጂ ማን እንደ ተጠቀመ አይናገርም፤ ማን እንደ ተጠቀመ ያልታወቀ ነገር ደግሞ የሚቆጥበው ባለቤት የለውም። በየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ መግጠም አብዛኛውን ጊዜ ከማንኛውም የአካባቢ ፕሮጀክት ቀድሞ ገንዘቡን ይመልሳል። ቆጣሪ እስኪገጠም ድረስ ባልዲና ሰዓት ይበቃሉ፦ ከአንድ ቱቦ የሚወርደው ውሃ ባለ 20 ሊትር ባልዲን በ40 ሴኮንድ ከሞላ በሰዓት 1,800 ሊትር እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ሥራ የሌለበት ቀንም ጥሩ መለኪያ ነው። ቅዳሜ ማታ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ቆጣሪዎቹ ይነበባሉ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እንደገና ይነበባሉ። በመካከሉ ማንም ሳይሠራ የተቆጠረው ውሃ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ወይም የማይዘጋ የሽንት ቤት ታንከር ነው፤ የተቆጠረው ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ ያደረ ማሽን፣ ማቀዝቀዣ ወይም መብራት ነው። የታመቀ አየር በሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ውስጥ ኮምፕረሰሩ ካመቀው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በላላ መገጣጠሚያ ሊያመልጥ ይችላል። ይህን ለማግኘት የሚያስፈልገው ማሽኖቹ በቆሙበት ሰዓት በጸጥታ ማዳመጥና በየመገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው።

የአካባቢ ባለሙያና የሒሳብ ሹም ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። በዚህ ምክንያት የቆሻሻ እውነተኛ ዋጋ ተሸፍኖ ይቀራል። አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 100 ኪሎ ግራም ጨርቅ ገዝቶ 15 ኪሎው ቁርጥራጭ ሆኖ ቀረ እንበል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ የቆሻሻ ወጪ ተብሎ የሚታየው ቁርጥራጩን ጭኖ ለወሰደው መኪና የተከፈለው ጥቂት መቶ ብር ነው። ነገር ግን ጨርቁ በኪሎ 600 ብር የተገዛ ከሆነ 9,000 ብር የወጣበት ቁስ ተጥሏል። ጨርቁን ለማጓጓዝ፣ ለማከማቸትና ለመቁረጥ የተከፈለው ጉልበትና ኤሌክትሪክም በዚያው ልክ አብሮ ሄዷል። የቁስ ፍሰት ወጪ ሒሳብ የሚባለው ዘዴ ይህን ይለያል፤ የእያንዳንዱን ደረጃ ወጪ በምርቱና በብክነቱ መካከል እንደ ክብደታቸው ይከፍላል። ዘዴው በጀርመን ተጀምሮ በጃፓን ኢንዱስትሪዎች ከተስፋፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 አይኤስኦ 14051 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። ቆሻሻ በሙሉ ዋጋው ሲጻፍ ጉዳዩ ከጽዳት ክፍል ወጥቶ የሥራ አስኪያጁ አጀንዳ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በቆዳ ፋብሪካ ነው። በሞጆና በአዲስ አበባ ያሉ ፋብሪካዎች የሚቀበሉት ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው የታሸ ነው። ቆዳው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉሩ ይለቃል፤ ሥጋና ሞራው ይላጫል፤ ከዚያም በአሲድና በጨው ተዘጋጅቶ በክሮም ይለፋል። ክሮም የጠጣው ሰማያዊ እርጥብ ቆዳ በሙያተኞች ዘንድ «ዌት ብሉ» ይባላል። ከአንድ ቶን በጨው የታሸ ጥሬ ቆዳ የሚገኘው ያለቀለት ቆዳ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። በሂደቱ 30 ሜትር ኩብ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውሃ ይፈሳል። የቁስ ሚዛኑ ገና ሲጀመር ፋብሪካው በክብደት ካስገባው ጥሬ ቆዳ አብዛኛውን የሚያወጣው በቆሻሻና በፍሳሽ መልክ መሆኑን ያሳያል።

ክሮሙን ብቻ ነጥሎ ማየት ይበቃል። በተለመደው አሠራር በድራሙ ውስጥ ከተጨመረው ክሮም ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው፤ ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የመጣው ኬሚካል ሲሶው ወይም ከዚያ በላይ ወደ ቦዩ ይገባል፤ ከዚያ ደግሞ ማጣሪያው ውስጥ ዝቃጩን መርዛማ አድርጎ ማስወገጃውን ያከብዳል። የሙቀቱን፣ የአሲድነቱን መጠንና የማልፊያውን ጊዜ በጥንቃቄ መቆጣጠር የሚያዘውን መጠን በእጅጉ ከፍ ያደርገዋል። የተረፈውንም የክሮም ውሃ ለብቻው በገንዳ አጠራቅሞ በማግኒዥየም ኦክሳይድ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ወደ ድራሙ መመለስ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዳ፣ ፓምፕ፣ ማማሰያና የሠለጠነ ሰው ነው።

ከክሮሙ በፊት ያሉት እርምጃዎች ከዚህም ይረክሳሉ። ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት ሲራገፍ በደረቁ የሚወርደው ጨው ውሃ ውስጥ አይገባም። አንዴ በውሃ የሟሟን ጨው መለየት እጅግ ውድ በመሆኑ ይህች ርካሽ ሥራ ብዙ ዋጋ አላት። ሥጋውና ሞራው ከኖራ በፊት ከተላጨ ንጹሕ ሆኖ ስለሚወጣ ለስብ ማቅለጫ ይውላል፤ ከኖራና ከሰልፋይድ በኋላ ከተላጨ ግን የሚሸት ጣጣ ይሆናል። ፀጉሩም ሳይሟሟ ከተጣራ በወንፊት ይቀራል። ከሟሟ ግን በወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ላቦራቶሪዎች የፍሳሽን ብክለት ሲለኩ «ባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት» የሚሉት ይህንን ጉዳት የሚያሳየውን ቁጥር ነው።

ፍሳሾችን በየዓይነታቸው ለይቶ መያዝ በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሕይወት ጉዳይም ነው። ሰልፋይድ ያለበት የኖራ ውሃ አሲድ ካለበት የክሮም ውሃ ጋር በአንድ ቦይ ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በጥቂቱ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሰውየው አደጋውን ሳያውቅ ይወድቃል። ሁለት የተለያዩ ቦዮች መቆፈር እንግዲህ ክሮም ያድናል፣ ማጣሪያውን ያቃልላል፣ ሠራተኛውንም ከሞት ይጠብቃል። የአካባቢ ጥበቃና የሥራ ደኅንነት በተለያዩ ቢሮዎች ቢቀመጡም በመሬት ላይ አንድ ሥራ ናቸው።

በሆስፒታልም ይኸው መርሕ ይሠራል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ ያልተለየ ነው፤ ተላላፊ፣ መርዛማ ወይም ጨረር ያለበት 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ባልዲ ከተቀላቀለ ግን በሙሉ አደገኛ ይሆናል፤ ሁሉንም ማቃጠል ወይም ማከም ግድ ይላል። ስለዚህ መርፌ ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ተላላፊው ወደ ቢጫው፣ ተራው ወደ ጥቁሩ ባልዲ የሚገባው በአልጋው አጠገብ፣ በነርሷ እጅ ላይ እያለ ነው። በኋላ ጓሮ ውስጥ ልለይ የሚል ሰው ራሱን ለመርፌ ያጋልጣል። በቢሮ ደግሞ ወረቀት፣ ፕላስቲክና ብረት ሳይቆሽሹ ከተለዩ ገዢ አላቸው፤ የምሳ ትራፊ ከተደፋባቸው ቆራሌውም አይፈልጋቸውም።

ድርጅቱ የሚያወጣው ሁሉ ከታወቀ በኋላ ቅደም ተከተል ማውጣት ይመጣል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይቻልምና። የተለመደው ዘዴ እያንዳንዱን ጉዳይ በሰንጠረዥ ዘርዝሮ ለጉዳቱ ክብደትና ለመከሰቱ ዕድል ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠት፣ ሁለቱን አባዝቶ ማሰለፍ ነው። ዘዴው ውይይት ለመክፈት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ሲታመን ግን ያሳስታል። በየቀኑ የሚባክን ወረቀት ጉዳቱ 1፣ ዕድሉ 5 ተሰጥቶት 5 ነጥብ ያገኛል፤ በሃያ ዓመት አንዴ ሊፈነዳ የሚችል የኬሚካል ታንከርም ጉዳቱ 5፣ ዕድሉ 1 ተሰጥቶት ያው 5 ነጥብ ያገኛል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ሰው ሊገድል የሚችል ጉዳይ ነጥቡ ምንም ይሁን ምን ከፊት መሰለፍ አለበት።

ሌላው ሰነድ የሕግ መዝገብ ነው፤ ድርጅቱን የሚመለከቱ ግዴታዎች በሙሉ፣ ከነኃላፊያቸውና ከነቀነ ገደባቸው የሚጻፉበት። በኢትዮጵያ መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ነው፤ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲደረግላቸው ያዛል፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ስለ ብክለት ቁጥጥር ሲሆን የበከለ ሰው የማጽዳቱን ወጪ እንዲሸከም ያደርጋል። በዚሁ አዋጅ ማንኛውም ሰው በግሉ የደረሰበትን ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 295 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው የአካባቢ ጉዳይ ክፍል እንዲያቋቁሙ ወይም እንዲሰይሙ ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 159 የኢንዱስትሪ ብክለትን ይመለከታል፤ ፋብሪካዎች የሚያወጡትን በካይ ነገር በራሳቸው እንዲከታተሉና እንዲመዘግቡ ግዴታ ይጥላል። የቁስ ሚዛን የሠራ ፋብሪካ ይህን መዝገብ ለማዘጋጀት አይቸገርም፤ ያልሠራው ግን ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ቁጥር ፍለጋ ይሯሯጣል።

ዓላማ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ውሃ እንቆጥባለን» የሚል ዓላማ ማንንም አያስገድድም። «በአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ የሚፈሰው ውሃ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ከ35 ወደ 28 ሜትር ኩብ ይወርዳል፤ ኃላፊው የዘፍዛፊ ክፍሉ ሹም ነው፤ ለቆጣሪና ለቫልቭ ይህን ያህል ብር ተይዟል» የሚል ግን ሊጠየቅበት የሚችል ሰው አለው። በአንድ ቶን ምርት ማስላት የአሠራሩን ብቃት ያሳያል፤ ሆኖም ምርት በእጥፍ ካደገ ጠቅላላው ፍሳሽ ሊጨምር ይችላል፤ ወንዙ የሚቀበለው ደግሞ ጠቅላላውን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው።

እነዚህን መሣሪያዎች አንድ ላይ አያይዞ ለሚያስኬድ ሥርዓት ዓለም በስፋት የተቀበለው ደረጃ አይኤስኦ 14001 ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1992 የራሷን ብሔራዊ ደረጃ አወጣች፤ ዓለም አቀፉ በ1996 ተከተለ፤ በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል። አካሄዱ ማቀድ፣ መሥራት፣ መፈተሽ፣ ማረም የሚል ዑደት ነው፤ የመጣውም ዋልተር ሸዋርትና ኤድዋርድስ ደሚንግ ከተባሉ አሜሪካውያን የጥራት ቁጥጥር ምሁራን ነው። ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ፦ ደረጃው ምን ያህል መበከል እንደሚፈቀድ አይናገርም። የሚጠይቀው ድርጅቱ ጫናውን እንዲያውቅ፣ ሕጉን እንዲያከብር፣ የራሱን ዓላማ እንዲያወጣና እየተሻሻለ እንዲሄድ ነው። የምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ነጻ መርማሪ ድርጅቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ዓመት ይቆያል፣ በየዓመቱም ክትትል ይደረግበታል። ለውጭ ገበያ ለሚያመርት ፋብሪካ ደንበኛው ስለሚጠይቀው ይጠቅማል። ለወረቀቱ ሲባል ብቻ አማካሪ ቀጥሮ የሌላ ድርጅት ሰነድ በስም ለውጦ ማስገባት ግን ፋይል ይሞላል እንጂ አንዲት ሊትር ውሃ አያድንም።

በአንድ የሥራ ዘርፍ ያሉ ድርጅቶች በጋራ የሚያወጡት የአሠራር ደንብም አለ። የኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎች በአምራችና ላኪ ማኅበራቸው በኩል ያዘጋጁት ደንብ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፤ ፀረ ተባይ የሚቀመጥበትን መጋዘን፣ የረጪውን ልብስና የውሃ አጠቃቀሙን ይመለከታል። ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ደንብ አቅም ለሌለው እርሻም መነሻ ስለሚሰጥ ለጀማሪ ዘርፍ የተሻለ ነው።

ግዥ ክፍል የብክለት ሁሉ መግቢያ በር ነው። አንድ ኬሚካል ከመገዛቱ በፊት አቅራቢው 16 ክፍሎች ያሉትን የደኅንነት መረጃ ወረቀት እንዲያቀርብ መጠየቅ፣ ወረቀቱ ሳይነበብ ግዥውን አለመፈረም ወጪ የሌለው መሣሪያ ነው። ሰፋ ያለው ዘዴ የሕይወት ዑደት ግምገማ ይባላል፤ ዕቃው ከጥሬ ዕቃ ማውጫው ጀምሮ እስከ መጣያው ድረስ የሚያደርሰውን ጫና ይደምራል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኮካ ኮላ የጠርሙስና የሌሎች መያዣዎችን ጫና ለማወዳደር ያስጠናው ጥናት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ሙሉው ግምገማ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ አስተሳሰቡ ግን ለማንም ይሆናል። ርካሽ ማተሚያ ቀለሙ በየሳምንቱ የሚያልቅ ከሆነ፣ ርካሽ ፓምፕ መብራት የሚፈጅ ከሆነ፣ የግዥው ዋጋ የሙሉ ዋጋው ቁራሽ ብቻ ነው።

የካርቦን ቆጠራ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የሙቀት አማቂ ጋዞች ፕሮቶኮል የድርጅትን ልቀት በሦስት ይከፍላል፦ ድርጅቱ ራሱ በሚያቃጥለው ነዳጅ የሚወጣው፣ በገዛው ኤሌክትሪክ ምክንያት በኃይል ማመንጫው የሚወጣው፣ እንዲሁም ከአቅራቢዎች እስከ ደንበኞች ባለው ሰንሰለት የሚወጣው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 2.3 ኪሎ ግራም ይወጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ የአዲስ አበባ ቢሮ ከመብራቱ የሚመጣው ልቀት ትንሽ ነው፤ በጄኔሬተሩና በመኪናዎቹ የሚነደው ነዳጅ ግን ትልቅ ነው። በየወሩ 1,000 ሊትር ናፍጣ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት በዓመት 32 ቶን ያህል ይለቃል። እንዲህ ላለው ቢሮ አምፖል ከመቀየር ይልቅ የመኪና ስምሪቱን ማስተካከል ይበልጣል። ቁጥር ሳይያዝ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ከሌላ አገር የተቀዳ የምክር ዝርዝርም ስለ አምፖሉ ብቻ ይናገራል።

ቁጥሮቹን ለሕዝብ ማውጣትም ራሱን የቻለ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ፋብሪካዎች በየዓመቱ ወደ አየር፣ ውሃና መሬት የሚለቁትን መርዛማ ኬሚካል መጠን እንዲያሳውቁ አስገደደ። ሕጉ ልቀትን በቁጥር አልገደበም፤ መናገርን ብቻ ነው ያዘዘው። ሆኖም ቁጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ ራሳቸው ሥራ አስኪያጆቹ ደነገጡ፤ የኬሚካል ኩባንያው ሞንሳንቶ በ1988 ወደ አየር የሚለቀውን መርዛማ ኬሚካል በ1992 መጨረሻ በ90 በመቶ እንደሚቀንስ በይፋ ቃል ገባ።

ከአንድ አጥር ባሻገር የሚሠራ መሣሪያም አለ። በዴንማርክ ካሉንድቦርግ ከተማ የኃይል ማመንጫው ትርፍ እንፋሎት ወደ ነዳጅ ማጣሪያውና ወደ መድኃኒት ፋብሪካው ይሄድ ነበር፤ ከጭሱ የተለየው ጂፕሰም የግድግዳ ሰሌዳ ለሚሠራው ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆን ነበር። ይህ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹና 70ዎቹ ጀምሮ በጎረቤታሞች ስምምነት ያደገ እንጂ በአንድ ዕቅድ የተሠራ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ፋብሪካዎቹ የሚጋሩት የፍሳሽ ማጣሪያ አለው፤ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ ውሃውን አክሞ መልሶ ለፋብሪካዎቹ እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው። መውጫ ወንዝ ለሌለው የሐዋሳ ሐይቅ ይህ ተገቢ ምርጫ ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ከውሃው የተለየውም ጨው በደረቅ መልክ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋብሪካ ጨውንና ቀለምን ከምንጩ መቀነሱ እዚያም አይቀርም።

ለድንገተኛ አደጋ መዘጋጀት ከሁሉም ይበልጥ በወረቀት ብቻ የሚቀር መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 በሕንድ ቦፓል ከተማ ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ያመለጠ ጋዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ፋብሪካው መከላከያዎች ነበሩት፤ ታንከሩን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ግን ጠፍቶ ነበር፣ ጋዙን የሚያቃጥለው ማማ ለጥገና ተፈትቶ ነበር፣ ጋዙን የሚያጥበው መሣሪያም ሥራ ላይ አልነበረም። በመሆኑም የውስጥ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ዕቃው መኖሩን መጠየቅ አይበቃውም፤ ማስነሳት፣ ቫልቩን ማዞር፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ማስደወል አለበት። ጉድለት ሲገኝም ጥያቄው እስከ ሥሩ መውረድ ይኖርበታል። ዘይት ለምን ፈሰሰ? በርሜሉ ስለ ተበሳ። ለምን ተበሳ? ስለ ዛገ። ለምን ዛገ? ዝናብ ላይ ስለ ቆመ። ለምን ዝናብ ላይ ቆመ? መጋዘኑ ስለ ሞላ። ለምን ሞላ? ግዥ ክፍሉ የስድስት ወር ዘይት በአንድ ጊዜ ስለ ገዛ። ወለሉን ከማጽዳት ይልቅ የግዥውን መርሐ ግብር መለወጥ ችግሩን ይዘጋዋል።

የእነዚህ መሣሪያዎች ውጤቶች ቢያንስ በዓመት አንዴ ለበላይ ኃላፊው ቀርበው ይገመገማሉ። ግምገማው የሚደረግበት ጊዜ ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ 1 የሚጀምር መሥሪያ ቤቶች በሰኔ መጨረሻ ከገመገሙ የሚቀጥለው ዓመት በጀት አስቀድሞ ተዘግቷል፤ ቆጣሪው፣ ሁለተኛው ቦይና የክሮም ማጠራቀሚያ ገንዳው ለአንድ ዓመት ይተላለፋሉ። በጥር ወይም በየካቲት የሚገመግም መሥሪያ ቤት ግን የግማሽ ዓመቱን የውሃ፣ የመብራት፣ የናፍጣና የቆሻሻ ቁጥሮች ከነብር ዋጋቸው ይዞ የበጀት ጥያቄውን በጊዜው ያቀርባል።